ዲስኩን ሳይነኩ መክፈት፦ የድሮ ኮምፒውተር ኢሙሌተሮች አዲስ አቅም ለጎጃም መዝገብ ቤቶች ምን ይፈይዳል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ ወይም በባሕር ዳር የቆየ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤቱ የላሜራ ካቢኔት ሲከፈት፣ ከደብዳቤ ፋይሎች ሥር በላስቲክ የታሰሩ ፍሎፒ ዲስኮች ማግኘት ብርቅ አይደለም። በላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «ቃለ ጉባኤ»፣ «የተማሪዎች ውጤት»፣ «የንብረት ቆጠራ» ተብሎ ተጽፏል። ዲስኩ አለ፤ የሚያነበው ማሽን ግን የለም። ማሽኑ ቢገኝ እንኳ ፊደሉን የሚያሳየው ፕሮግራም የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሀብት ነው።

መፍትሔው ኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር የአሮጌ ኮምፒውተርን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ የስክሪን ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ በሶፍትዌር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በውስጡ የሚጫነው የድሮ ፕሮግራም በራሱ ዘመን ማሽን ላይ ያለ ይመስለዋል። 86ቦክስ፣ ዶስቦክስ-ኤክስና ኦፕን ሲምኤች የተባሉት ኢሙሌተሮች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙ አዲስ ነገር ጨምረዋል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ድምፁና ስለ ጨዋታው ነው። ለመዝገብ ቤት ግን ዋጋ ያላቸው አዳዲስ አቅሞች ሌሎች ናቸው፤ አሮጌውን ዲስክ ሳይለውጡ የሚያነቡትና የድሮውን ፕሮግራም ኅትመት በፋይል የሚያስቀሩት።

ያልታዘዘ ጽሑፍ

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚያሳየው በሲምኤች ዙሪያ የተነሣው ክርክር ነው። ሲምኤች በቦብ ሰፕኒክ የተጀመረ፣ ፒዲፒ-8፣ ፒዲፒ-11፣ ቫክስ፣ አይቢኤም 1401ና ሌሎች ከግል ኮምፒውተር በፊት የነበሩ ማሽኖችን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ከጊዜ በኋላ አንድ ለአመቺነት የታሰበ ነገር ተጨመረበት፦ የዲስክ ኢሜጅ፣ ማለትም የዲስኩን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል፣ ሲያያዝ ፕሮግራሙ የዲስኩን ዓይነትና መጠን የሚገልጽ 512 ባይት በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይጽፋል። ዓላማው ቀና ነበር፤ ተጠቃሚው በሚቀጥለው ጊዜ ዓይነቱን ራሱ መናገር አያስፈልገውም። ነገር ግን 10,485,760 ባይት የነበረው የአርኤል02 ዲስክ ኢሜጅ 10,486,272 ባይት ይሆናል። መጠኑ ተለወጠ፣ ኤስኤችኤ-256 የሚባለው፣ ከይዘቱ የሚሰላው የፋይሉ አሻራም ተለወጠ። አንድ ቤተ መዛግብት «ይህ ፋይል ከዲስኩ ላይ የተነበበው ነው» ብሎ የመሰከረበት ማስረጃ፣ ፋይሉ ስለተከፈተ ብቻ ፈረሰ ማለት ነው። ክርክሩ ከፈቃድ ጉዳይ ጋር ተያይዞ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱን ለሁለት ከፈለው፤ ኦፕን ሲምኤች የተባለው ቅርንጫፍ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ ራሱን ችሎ ወጣ።

በጎጃም ቢሮዎች ቫክስ ስላልነበረ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል ሰው ይኖራል። ይመለከተናል። ዊንዶውስ 95ና 98 እንዳይጻፍበት ያልተቆለፈ ፍሎፒ ሲገባላቸው፣ ፋይል ባይከፈትም እንኳ፣ በመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ ከተከፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች በመጀመሪያው) ከአራተኛው ባይት ጀምሮ ያሉትን ስምንት ባይቶች በራሳቸው መለያ ይተካሉ። ቦታው ዲስኩን ፎርማት ያደረገው ሥርዓት ስሙን የሚያስቀምጥበት ነው። ዊንዶውስ የሚጽፈው መለያ «አይ፣ ኤች፣ ሲ» በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ያልቃል። በኢሙሌተር ውስጥ የተጫነ ዊንዶውስ 95ም ይህንኑ ያደርጋል፤ ኢሙሌተሩ ታማኝ በሆነ ቁጥር የድሮውን ጥፋትም በታማኝነት ይደግማል። በዲስክ ኢሜጅ ላይ የመጀመሪያውን ሴክተር በሄክስ ኤዲተር፣ ማለትም ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ሲያዩ እነዚህ ሦስት ፊደላት ካሉ፣ ዲስኩ ባለፈው ዘመን ሳይቆለፍ በዊንዶውስ 95 ወይም 98 ውስጥ አልፏል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ንባብ ላይ ከሌሉና በኋላ ከታዩ ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ስለዚህ ኢሙሌተር ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተቆልፎ ማያያዝ ይችላል ወይ?» ነው። 86ቦክስ በፍሎፒ ሜኑው ላይ ነባር ኢሜጅን በሁለት መንገድ ያያይዛል፤ አንደኛው ሊጻፍበት የሚችል፣ ሁለተኛው ከጽሑፍ የተቆለፈ ነው። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይጠቀሙ። በሲምኤች «አታች» በሚለው ትእዛዝ ላይ የ«አር» ምርጫ ይጨመራል። ዶስቦክስ-ኤክስም ፎልደርንም ሆነ ኢሜጅን ለንባብ ብቻ ማያያዝ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ «ኦቨርሌይ» የሚባል አሠራር አለው፦ ፕሮግራሙ የሚጽፈው ሁሉ ወደ ሌላ ፎልደር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ፎልደር እንዳለ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ግን የሁለቱን ድምር እንደ አንድ ያያል። ከመጻፍ ቢከለከል የሚያኮርፍ ብዙ የድሮ ፕሮግራም አለ፤ ጊዜያዊ ፋይል ከዶክመንቱ አጠገብ ካልፈጠረ አልከፍትም ይላል። ለእርሱ ኦቨርሌይ ዓይነተኛ መድኃኒት ነው።

ድጓ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ እናት መጽሐፉን አይፍቅም። ስሕተት ያለ ቢመስለው እንኳ የሚያርመው በራሱ ብራና ላይ ነው። የዲስክ ሥራም ደንቡ ይኸው ነው።

ንባቡ

ዲስኩን ከማስገባትዎ በፊት ይቆልፉት። በ3.5 ኢንቹ ላይ በጥጉ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ሲከፈት ተቆልፏል ማለት ነው። በ5.25 ኢንቹ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጎኑ ያለው የተቆረጠ ቦታ በፕላስተር ሲሸፈን ነው የሚቆለፈው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የብረቱን መከለያ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ቡናማውን ፊልም በብርሃን ይዩት። ከጣና ዳር እርጥበት ጋር ብዙ ክረምት ያሳለፈ ዲስክ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ወደ ድራይቩ ከገባ የድራይቩን የንባብ ራስ ያቆሽሻል፤ ቆሻሻው ደግሞ የሚቀጥለውን ጤነኛ ዲስክ ይቧጭራል። ለብቻው ያስቀምጡት። ድራይቩን በአይሶፕሮፒል አልኮል በነካ የጥጥ እንጨት ከየጥቂቱ ዲስክ በኋላ ይጥረጉ፤ ሲደርቅ ብቻ ይቀጥሉ። ወደ ስፒከርና ወደ ቻርጀር ማግኔት አያስጠጉ።

በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ድራይቭ ለ3.5 ኢንች ይበቃል። ለንባቡ «ዲዲሬስኪው» የተባለው የሊነክስ ፕሮግራም ይመረጣል፤ ያልተነበበውን ሴክተር መዝግቦ ይዞ፣ ጤነኛውን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ወደ ታመመው ይመለሳል። ተራ ኮፒ ግን የመጀመሪያው እንቅፋት ላይ ይቆማል፤ በሙከራውም ዲስኩን ያደክመዋል። የተነበበው ፋይል መጠን ለዲስኩ ዓይነት ከሚጠበቀው ጋር መግጠም አለበት፦ ባለ 1.44 ሜጋው 1,474,560፣ ባለ 720 ኪሎው 737,280፣ ባለ 1.2 ሜጋው 1,228,800፣ ባለ 360 ኪሎው 368,640 ባይት። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ንባቡ አልተጠናቀቀም። ሁለት ጊዜ አንብበው የኤስኤችኤ-256 አሻራቸውን ያወዳድሩ፤ ከተለያዩ አንድ ሴክተር እየዋዠቀ ነው።

ለ5.25 ኢንች በዩኤስቢ በቀጥታ የሚሰካ ድራይቭ በገበያ አይገኝም። አሮጌ ድራይቭ ተገኝቶ፣ 5ና 12 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ምንጭ ተሰክቶለት፣ በባለ 34 ፒን ገመድ «ግሪስዊዝል» ከሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ጋር ይያያዛል። ሰሌዳው የሚያነበው ሴክተሩን ሳይሆን የማግኔቱን መዋዠቅ ነው። ስለዚህ ሆን ተብሎ ከመገልበጥ የተጠበቀ የፕሮግራም ዲስክም በዚህ መንገድ ሊነበብ ይችላል።

ማሽኑን መሥራት፤ ወይም አለመሥራት

ሁሉም ፋይል ኢሙሌተር አይፈልግም። በዎርድ 6 ወይም በዎርድፐርፌክት የተጻፈውን ሊብረኦፊስ ራሱ ይከፍተዋል፤ የዲቤዝ ሰንጠረዥም በካልክ ይከፈታል። ከኢሜጁ ውስጥ ፋይሎቹን በ7-ዚፕ አውጥቶ መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ወይም በቁጥር ብቻ ከሆነ እዚያው አለቀ። ኢሙሌተር የግድ የሚሆነው ፋይሉ አንድ የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ብቻ በሚያውቀው ቅርጽ ሲቀመጥ፣ ፎንቱ ከፕሮግራሙ ጋር ሲታሰር ወይም ጽሑፉ በመጀመሪያው ገጽ አቀማመጡ መታየት ሲኖርበት ነው።

ለዚህ 86ቦክስ ውስጥ የሚሠራው ማሽን ከፍ ያለ መሆን የለበትም። ባለ 66 ሜጋኸርዝ 486 ዲኤክስ2፣ 16 ሜጋ ባይት ሜሞሪ፣ 200 ሜጋ ባይት ሃርድ ዲስክ፣ የኤስ3 ስክሪን ካርድ፤ በላዩ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት ዶስ 6.22ና ዊንዶውስ 3.1 ከመሥሪያ ቤቱ ዋና ዲስኮች። «ፈጣን ይሻላል» ብሎ ፔንቲየም መምረጥ ስሕተት ነው፤ ደካማ የቢሮ ላፕቶፕ ፔንቲየምን ማስመሰል ያቅተዋል። በመስኮቱ አናት ላይ የሚታየው መቶኛ ከ100 በታች እየወረደ ከቆየ ማሽኑን ዝቅ ያድርጉት። 86ቦክስ ከራሱ ሌላ የሮም ፋይሎች (የአሮጌ ማሽኖች መነሻ ፕሮግራሞች) ስብስብ ይፈልጋል። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ወረዳ ሁለቱን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ግንኙነት አያስፈልገውም።

የማሽኑን ሰዓት ከላፕቶፑ ሰዓት ጋር አያገናኙት። የዊንዶውስ 3.1 ፋይል ማኔጀር ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ያለውን ዓመት በትክክል ማሳየት አይችልም፤ በዓመቱ ቦታ ትርጉም የሌለው ምልክት ያወጣል። ቀኑን ወደ 1995 እ.ኤ.አ. መልሰው ያስቀምጡና እውነተኛውን ቀን በወረቀት መዝገብ ላይ ይጻፉ።

ፊደሉ

የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ናቸው። ሏን፣ ሟን፣ ቋንና የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደላት፣ አራት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝን፣ 20ዎቹን የግእዝ ቁጥሮች ሲጨምሩበት ወደ 300 ይጠጋል። የዚያ ዘመን ፎንት ግን 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ላይ 32 የመቆጣጠሪያ ኮዶችና ባዶ ቦታ ሲቀነሱ 223 ይቀራል። ግእዝ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ቦታውን ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን ጥበት በየራሳቸው ዘዴ ነበር የሚወጡት፤ ያ ብልሃታቸው ዛሬ የእኛ እንቆቅልሽ ሆኗል።

አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ የፎንት ፋይሎች ከፈለ። ሌላው የፊደሉን አካልና የቤቱን ምልክት ለየብቻ አድርጎ በስክሪን ላይ አገጣጠመ። ፊደሉ በሁለት ፎንት ተከፍሎ ከሆነ፣ በአንደኛው ፎንት 97 ቁጥር «ሀ» ቢሆን በሁለተኛው ያው 97 «ጸ» ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ «ተራ ጽሑፍ» ብሎ ሴቭ ማድረግ ትልቁ ጥፋት ነው፤ የፎንቱ ስም ይጠፋል፣ ሁለቱ 97ዎች አንድ ይሆናሉ፣ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ከኢሙሌተሩ ሲወጣ አርቲኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ብቻ ይውጣ። አርቲኤፍ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ ጋር የፎንቱን ቁጥር ይይዛል።

በዶስ ነገሩ ይለያል። በዶስ የአማርኛ ፊደል ለማሳየት ወይ ስክሪኑን ወደ ግራፊክስ ማዞር ነው፣ ወይ የቪጂኤ ስክሪን ካርዱን የፊደል ሰሌዳ (የፊደላቱ ቅርጽ የተቀመጠበትን ሰንጠረዥ) በራስ ፊደል መተካት። ሁለተኛው መንገድ ካርዱ ሁለት ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ሲይዝ እስከ 512 ቅርጽ ያሳያል። የስክሪን ካርዱን በሚገባ የማያስመስል ፕሮግራም ግን ጽሑፉን በላቲን ምልክት ትርምስ ያወጣዋል። ብዙ ሰው ያኔ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የፊደል ሰሌዳው ነው። ፕሮግራሙን ራሱን አስነስተው ፊደሉን እንዲጭን ካደረጉ በኋላ ይክፈቱት።

ዎርድ 6 ውስጥ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ራሱ የሚያርመውን «ኦቶኮሬክት» ሳያጠፉ ምንም አይንኩ። የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ ትልቅ የላቲን ፊደል ይለውጣል፣ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ያጎብጣል። እርሱ የላቲን ፊደል የመሰለው ኮድ በእኛ ፎንት «መ» ወይም «ቱ» ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሌላ ይሆናል።

ኅትመቱ ምስክር ነው

የ86ቦክስ አስመሳይ ፕሪንተሮች ለዚህ ሥራ ከሁሉም አዲስ አቅሞቹ የላቀ ዋጋ አላቸው። የነጥብ ፕሪንተሩን የኢፕሰን ቋንቋ ተቀብሎ ገጹን በምስል ፋይል ያስቀምጣል፤ የፖስትስክሪፕቱን ፕሪንተር ደግሞ ጎስትስክሪፕት በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ፒዲኤፍ ይለውጣል። ዶስቦክስ-ኤክስም ተመሳሳይ ፕሪንተር አለው። የዶስ አማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሉን ወደ ነጥብ ፕሪንተር የሚልኩት በነጥብ ሥዕል ነበር፤ ፕሪንተሩ ራሱ ግእዝ አያውቅምና። ስለዚህ የሚገኘው ምስል ያኔ ጸሐፊዋ ከፕሪንተሩ የቀደደችው ገጽ ራሱ ነው፣ ነጥቡ ሳይቀር።

እያንዳንዱን ዶክመንት ሁለት ጊዜ ማውጣት ይገባል፤ አንድ ጊዜ በአርቲኤፍ ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ፣ አንድ ጊዜ በኅትመት ለማመሳከር። አርቲኤፉን በተቆለፈው ዲስክ ላይ ሳይሆን አዲስ በተፈጠረ ባዶ የ1.44 ሜጋ ኢሜጅ ላይ ሴቭ ያድርጉት፤ በኋላም በ7-ዚፕ ያውጡት።

የድሮውን ኮድ ከዩኒኮድ ጋር የሚያገናኘውን የመለወጫ ሰንጠረዥ ለመሥራት ከ33 እስከ 255 ያሉትን ኮዶች በየፎንቱ የያዘ አንድ የሙከራ አርቲኤፍ ያዘጋጁ። በኢሙሌተሩ ውስጥ ከፍተው ያትሙት፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሚታየውን ፊደል በዩኒኮድ ይጻፉ። በአንድ ፎንት 223 ረድፍ ይሆናል። አካልና ምልክት ለየብቻ በሆኑበት ፎንት ላይ ግን ረድፉ የነጠላ ኮድ ሳይሆን የጥንድ ነው። ጥንዶቹ ከነጠላዎቹ በፊት መተካት አለባቸው፤ አለዚያ «ሉ» የሚገባው ቦታ ላይ «ለ» ይቀርና ምልክቱ ብቻውን ይንሳፈፋል።

ሰንጠረዡ በትክክል ተሠርቶም ውጤቱ ቢበላሽ ሦስት ቦታ ይመርመሩ። አንደኛ፣ «ሲምቦል» ተብለው የተሠሩ ፎንቶች በዘመኑ ሶፍትዌር ሲከፈቱ ኮዳቸው ላይ 61,440 ይጨመራል፤ 97 የነበረው 61,537 ሆኖ ይገኛል፤ መቀነስ ነው። ሁለተኛ፣ ከ128 እስከ 159 ያሉት ኮዶች የምዕራብ አውሮፓ ምልክት መስለው ወደ ሌላ የዩኒኮድ ቁጥር ይዞራሉ፤ 145 ለምሳሌ 8,216 ይሆናል። ሦስተኛ፣ 160ና 173 በላቲኑ ዓለም የማይቆረጥ ባዶ ቦታና የተደበቀ ሰረዝ ስለሆኑ በእነርሱ ቦታ የነበሩት ፊደላት ከነጭራሹ ሊጠፉ ይችላሉ። ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ በየቦታው የሚጎድል ከሆነ ሦስተኛውን ይጠርጥሩ።

ከዚያ ማመሳከር ነው። አንዱ ከኅትመቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በተለወጠው ላይ ይከተላል። ስሞችና ቁጥሮች ላይ ቀስ ይበሉ፤ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ቀሪው ሁሉ ከአገባብ ይታወቃል፣ የሰው ስምና የሄክታር ቁጥር ግን ከአገባብ አይታወቅም።

አንድ ነገር ላይ ጠንካራ አቋም ያስፈልጋል። ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ ማምጣት በብዙ መለወጫ ፕሮግራሞች ውስጥ «ማስተካከያ» ተብሎ ይቀርባል። በዋናው ቅጂ ላይ አይደረግ። የቅኔና የግእዝ ትምህርት ሥር በሰደደበት አገር አንድ ጸሐፊ «ሠ»ን መምረጡ ብዙ ጊዜ እያወቀ ነው፤ ሳያውቅ ቢሆንም የጻፈው እርሱ ነው። በሁለት ነጥብ ድግግሞሽ የተተየበው አራት ነጥብም እንዳለ ይቆይ። ለፍለጋ እንዲመች ሌላ ቅጂ ሠርተው እዚያ ላይ አንድ ያድርጉት።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ፎልደር ይበቃል፦ ኢሜጁ፣ የዲዲሬስኪው መዝገብ፣ አሻራው፣ አርቲኤፉ፣ የኅትመቱ ምስል ወይም ፒዲኤፍ፣ የዩኒኮዱ ጽሑፍ፣ የመለወጫ ሰንጠረዡ፣ የኢሙሌተሩ ስምና ቁጥር። በዶስቦክስ-ኤክስ ውስጥ ያለው የማሽኑን ሁኔታ በቅጽበት የማስቀመጥ አቅም መብራት ድንገት በሚሄድበት ቦታ ለዕለት ሥራ ይረዳል፤ ለማኅደር ግን አይሆንም፣ የዛሬው ቅጽበት በነገው የፕሮግራሙ እትም ላለመከፈት ዕድሉ ሰፊ ነውና። ፎልደሩ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ሁለቱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ አይሁኑ።

ፍሎፒው አይጣል። የፎልደሩን ቁጥር አስቀድመው በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፉና ወረቀቱን ከዲስኩ ላይ ይለጥፉ፤ በ5.25 ኢንቹ ላይ በቀጥታ በእስክሪብቶ መጻፍ ፊልሙን ያጎድፋል። ከወለል ከፍ ባለ፣ ደረቅ በሆነና ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ በቁሙ ያቁሙት። ዛሬ አልነበብ ያለው ሴክተር ንጹሕ ራስ ባለው በሌላ ድራይቭ ላይ ሊነበብ ይችላል።